ላቦራቶሪ ውስጥ የነበረችው ብርነሽ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን የእህቴን ፊት አይቻለሁ... እንዲህ ያለ ፊት በውሸት አይመጣም።

የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። ቦታው ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ ቪላ።

ስም አልቀየርኩም። የብርነሽ እናት «እንዳለ ጻፈው፣ ምናልባት ያያት ሰው ካለ...» ብለውኛል።

ቪላው ላቦራቶሪ ነው። የሙዝ ችግኝ በቲሹ ካልቸር ያባዙበታል። ከአንድ ተክል ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይወሰድና ጄሊ በመሰለ ምግብ ላይ፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያድጋል። ከአንዱ ሺህ ይወጣል። ሺሁም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው።

እህቴ ትሩፋትና ጓደኛዋ ብርነሽ እዚያ አራት ዓመት ሠርተዋል።

ያን እሁድ ተራው የትሩፋት ነበር። መብራት አለመጥፋቱን አይታ ልትመለስ ነው የሄደችው።

ዘበኛው ጋሼ መዝገቡ በሩን ከፈቱላት።

«ዛሬ ደግሞ ሁለታችሁም መጣችሁ?»

«ሁለታችን?»

«ብርነሽ ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ናት። ሰላም ብላት እንኳ ዝም ብላኝ ገባች።»

ትሩፋትን ገረማት። ገባች።

መቁረጫው ክፍል በመስታወት የተከለለ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ነጭ ጋዋን፣ ቆብ፣ ጭምብልና ጓንት ያደርጋል። ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ብርነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ትቆርጣለች... ታስቀምጣለች... ትቆርጣለች...

ትሩፋት መስታወቱን አንኳኳች።

ሳትዞር እጇን ብቻ አነሳች። ቆዪ እንደማለት።

ትሩፋትን አንድ ነገር ቅር አላት። ምላጩ ጀርም እንዳይዝ በየጊዜው በእሳት መለብለብ አለበት። እሳቱ ግን አልበራም። ብርነሽ ደግሞ ይህን የምትረሳ ሰው አይደለችም።

«ደክሟት ይሆናል» ብላ ወደ ችግኞቹ ክፍል አለፈች።

መደርደሪያው ላይ አዳዲስ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሁሉም ላይ የዕለቱ ቀንና «ብርነሽ» የሚል ስም አለ። የቆረጠው ሰው ስሙን መጻፉ የተለመደ ነው። የእጅ ጽሑፉም የራሷ ነው።

አንዱን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

የሙዝ ሥር ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ነው። ይሄ ጥቁር ነበር።

ቀጭን... ረጅም...

ሥር አይደለም። ፀጉር ነው።

ያውም የተሠራ። ሹሩባ።

ጠርሙሱን ቦታው መለሰችው። ያኔ ነው መጨረሻ ላይ ያለውን ጠርሙስ ያየችው። ላዩ ላይ «ትሩፋት» ይላል። ቀኑ የዛሬ ነው።

ዛሬ ምንም አልቆረጠችም...

አነሳችው። ጄሊው መሃል አንዲት ነጭ ነገር አለች። እያየቻት ያደገች መሰላት።

ስልኳ ጠራ። ብርነሽ ናት።

«ትሩፍዬ፣ ተራው ያንቺ ነው አይደል? መብራት አለ?»

«የት... የት ነሽ?»

«ቤት ነኛ! መካኒሳ። ልብስ እያጠብኩ። ምነው?»

የውሃው ድምፅ ይሰማል። ትሩፋት ቀስ ብላ ወደ መቁረጫው ክፍል መስታወት ዞረች።

ቆረጣው ቆሟል።

«ብርዬ...» አለች በሹክሹክታ። «እዚህ ሰው አለ...»

«ማን?»

ከመስታወቱ ማዶ፣ በጭምብል የታፈነ የብርነሽ ድምፅ መጣ።

«ትሩፍዬ... ስልኩን ዝጊው።»

ጠርሙሱ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። እግሬ አውጪኝ ብላ ወጣች።

ጋሼ መዝገቡ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማንም የለም ልጄ... ጭምብሉ ብቻ ጠረጴዛው ላይ አለ። ገና ይሞቃል።»

ቀጥለው ጠየቋት።

«ጫማሽን አውልቀሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ከተሰበረው ጠርሙስ አንስቶ እስከ ጓሮው በር ድረስ የባዶ እግር ዱካ አለ። እርጥብ ነው። የሴት እግር ነው።»

ትሩፋት መልሳ ወደ ብርነሽ ደወለች።

«ከቤት እንዳትወጪ! እኔ እስክመጣ ለማንም እንዳትከፍቺ! ለማንም!»

«እሺ... አስፈራሽኝ እኮ።»

ላዳ ኮንትራት ያዘች። መንገዱ ተዘጋግቶ አርባ ደቂቃ ፈጀባት። መካኒሳ አቦ ስትደርስ በሩን የከፈቱት የብርነሽ እናት፣ እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ የረሳችሁት ነገር አለ?»

«ብርነሽስ?»

«አሁን ይዘሻት ወጣሽ አይደል እንዴ?»

ትሩፋት አንገቷን አስግጋ ወደ ቤት ውስጥ አየች።

እትዬ ተናኘወርቅ ቁልቁል እግሯን አዩ።

«የሰጠሁሽን ነጠላ ጫማስ የት ጣልሽው? በባዶ እግርሽ መጥተሽ አልነበር...»

ሮጠች። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ አንድ ሚኒባስ ሊነሳ ነው። በኋለኛው መስታወት ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። አንዷ ብርነሽ ናት።

እየጮኸች ደወለችላት። ብርነሽ ስልኳን አይታ ስትስቅ አየቻት። አነሳች።

«ሄሎ? ማነው?» አለችና አጠገቧ ወዳለችው ዞረች። «ትሩፍ፣ ስልክሽን የት ጥለሽው ነው? ሰው እየደወለበት...»

አጠገቧ ያለችው እጇን ዘርግታ ስልኩን ከጆሮዋ ላይ ወሰደችው። መስመሩ ተቋረጠ።

ብርነሽ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ሚኒባሱ ተነሳ።

ሴትየዋ አንዴም አልዞረችም። የሚታየው ማጅራቷ ብቻ ነበር። እርጥብ ነው... ገና አሁን እንደተወለደ ሕፃን።

ሰው የገዛ ማጅራቱን አይቶ አያውቅም።

እህቴ ግን አወቀችው።