ሰማያዊው ፌስታል

«ቤት ውስጥ ጭስ አለ?» የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ገነት ጠየቁ።

«ኧረ የለም!» አለች የሀዲጃ እናት ፈጥና። «ከሰል የምናቀጣጥለው ደጅ ነው፣ በጭራሮ። አባቱም ሲጋራ አያጨስም።»

ሀዲጃ አንገቷን ደፋች። የስድስት ዓመት ወንድሟ አብዱልአዚዝ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ የመድኃኒቱን ጭንብል አፍንጫው ላይ አድርጎ ትንፋሹን በግድ ይስባል። ደረቱ ያፏጫል። ከሰዓት ከንፈሩ ሲጠቁር አይታ ሱቅ ድረስ እየሮጠች እናቷን የጠራችው እሷ ናት።

ጭራሮ! ዲላ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብባት የቱ ጭራሮ ነው የሚነደው? ሁለት ቀን እንደ ጨዋ ልጅ ደጅ ቁጭ ብላ ስታራግብ ዋለች። ከሰሉ ወይ ፍንክች! የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደግሞ ደርሷል፤ መቼ ልታጠና ነው? በሦስተኛው ቀን ከአባቷ ሱቅ የመጣ ሰማያዊ ፌስታል ጠቅልላ ከሰሉ ሥር ወሸቀችና ክብሪት ጫረች። ወዲያው ያዘ። ጎረቤት አይቶ ለእናቷ እንዳይናገርባት ማድቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንደዚያው አደረገች። አብዱልአዚዝ ብርድ ስለማይወድ እሳቱን ብሎ አጠገቧ ኩርምት ይላል።

«ይሸታል» ብሏት ነበር።

«አታካብድ ባክህ!» አለችው።

ሲስተር ገነት «ጭስ የለም» ብለው ካርዱ ላይ ጻፉ። «አስም በሳምንት ሁለት ጊዜ ዝም ብሎ አይነሳም» አሉ። «ከሰል፣ ቆሻሻ፣ በተለይ የፕላስቲክ ጭስ የአየር ቧንቧውን ያሳብጠዋል። የሚቀሰቅስበትን ካላወቅን ነገም ትመለሳላችሁ።»

«ብርዱ ነው፣ ሲስተር። ይሄ ዝናብ ነው ልጄን የጎዳብኝ።»

ሲስተር ገነት መድኃኒት ሊያመጡ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። ሀዲጃ ካርዱ ላይ የተጻፈውን አየች። ከዛሬ ጀምሮ ፌስታሉን ብትተወው ማን ያውቃል? ብርድ ነው ተባለ፣ አለቀ። ብትናገር ግን፣ እዚህ ሰው ፊት፣ እናቷ ምን ትላለች? «የኔ ልጅ አትዋሽም» እያለ ደንበኛ ፊት የሚምልባት አባቷስ?

እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ስንገባ ከሰሉን አቀጣጥይና አልጋው አጠገብ አድርጊለት። በሩን ዘግተን እናሙቀው። እጅሽ ላይ ቶሎ ይይዛል፣ አላህ ይባርክሽ።»

ሀዲጃ ደነገጠች። አብዱልአዚዝ ከጭንብሉ በላይ አያት። ሁሉንም ያውቃል፤ ግን አላሳበቀባትም።

«ሲስተር» አለች። ሲስተር ገነት አልዞሩም። የወንድሟን ትንሽ እግር ጭብጥ አድርጋ ያዘችና ደገመችው።

«ሲስተር፣ ካርዱ ላይ የጻፉትን ይሰርዙት።»