እባክዎ ቀና ይበሉ

ማሽኑ እንደገና ጮኸ። ከብረቱ በር በላይ ያለው መብራትም ቀይ ሆነ።

«እባክዎ ቀና ይበሉ» አለ ከውስጡ የሚወጣው የሴት ድምፅ፣ ፊኛ ለያዘ አንድ ሕፃን። ሕፃኑ የሚያናግረውን ሰው ፍለጋ ዞር ዞር ብሎ አየና ሲያጣ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኢሊሊ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ በሩ አጠገብ የቆመችው እናቷ ላይ ነው።

እናቷ ወይንሀረግ የሕፃኑን የወር ካርድ ተቀበለች፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየች፣ በሩን በእጇ ከፈተችና «ግባ የኔ ጌታ» አለችው። ቀጣዩ ሰው ቢጫው መስመር ላይ ሲደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«እንኳን ደህና መጡ።»

ሰውየውም ጎንበስ አለ። «እንኳን ደህና ቆዩ።»

ማሽኑ ጮኸ። ቀይ።

ኢሊሊ ስምንተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ልደታ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው የልጆች መዝናኛ ትመጣና ትኬት መሸጫው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ከዚያ አብረው ወደ ሰፈራቸው ጠመንጃ ያዥ ይሄዳሉ። አባቷ ባጫ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚህ በር ሥራ ነው።

ማሽኑ የመጣው ባለፈው ወር ነው። የወር ካርድ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን አስመዝግቧል። ቢጫው መስመር ላይ ሲቆም ካሜራው ለአፍታ ያየዋል፤ ካወቀው መብራቱ አረንጓዴ ይሆንና በሩ ራሱ ይከፈታል። ካላወቀው ቀይ ነው፤ ያኔ ካርዱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ማሽኑ ሲተከል ሌሎቹ በር ጠባቂዎች ተሰናበቱ። ወይንሀረግ ብቻ ለሙከራው ጊዜ ቀረች። የመጨረሻው ሙከራ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙለታ ባሉበት። ማሽኑ ቅዳሜ በደንብ ከሠራ እሷም ትሄዳለች። ይህን ለኢሊሊ የነገረቻት ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጋ ነው። ኢሊሊ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏታል።

ደግነቱ ማሽኑ አልሠራ አለ። ፊቶቹን በሙሉ የመዘገበው ወጣት ቴክኒሻን ሰላሃዲን ጸጉሩን እየነጨ ይውላል። መጀመሪያ ኮፍያ አሳበበ፣ ቀጥሎ ነጠላ፣ ቀጥሎ ሂጃብ። የኢሊሊ ጓደኛ ኡሙልኸይር በዚህኛው ተናድዳ ነበር። «ጀለሴ፣ ማሽናችሁ ነው ፋራው፤ ሂጃቤን ተወኝ» ብላው መስመሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አረንጓዴ ሆነ። ሰላሃዲን ይቅርታ ጠየቃትና እንደገና ራሱን ያክ ጀመር።

ነገሩ ለኢሊሊ የተገለጠላት ትናንት ነው። እናቷ የዘገየ ምሳዋን ልትበላ ገባ ስትል የመጣው ሰው ሁሉ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ሆነለት። ሰላሃዲን በደስታ እየሮጠ አቶ ሙለታን ሊጠራ ሄደ። ይዟቸው ሲመለስ ግን ወይንሀረግ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ማሽኑም እንደ ወትሮው ይጮኻል። አቶ ሙለታ ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ።

ኢሊሊ ያን ጊዜ ነቄ አለች። ልቧም ድንግጥ አለ። እናቷ በሰፈር የምትታወቀው ደረቅ አንገት ናት ተብላ ነው። የወረዳው ሹም ቢመጣ እንኳ አገጯን ከፍ አድርጋ «ሰላም ነው?» ትላለች እንጂ ጎንበስ ብላ አታውቅም። አሁን ግን ፊኛ ለያዘ ሁሉ ጎንበስ ትላለች። ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለው ቀጥ ብሎ የሚቆም ደግሞ ማን ያሳደገው ነው? ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ የሰኩት፣ አራዳ ነን የሚሉት ጎረምሶች እንኳ ሳያስቡት ጎንበስ ይላሉ። ካሜራው የሚያየው አናታቸውን ነው። አናት ደግሞ አልተመዘገበም።

«ኢሊሊ» አለ ሰላሃዲን፣ መፍቻውን ይዞ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ዘጭ እያለ። ፊቱ በድካም ገርጥቷል። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። እሱ ግን በእረፍቱ ሰዓት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማሽኑ ፊት እንዴት እንደሚለይ ያሳያት ሰው ነው። ለመሞከሪያ ብሎ መጀመሪያ የመዘገበው ፊትም የእሷን ነው። ማሽኑ እሷን አንድም ቀን ስቷት አያውቅም።

«አንቺ ከዚህ አትጠፊም። እስቲ በደንብ አስቢ። ሰው ሲገባ ምን ታያለሽ?»

እናቷ ከበሩ ሆና አንዴ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ዞረች።

«ፀሐይ ይመስለኛል» አለች ኢሊሊ። «ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ትመጣለች።»

ሰላሃዲን ብድግ አለ። «እውነትሽን ነው እኮ!»

አመናት። የከፋው ይህ ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሰላሃዲን መሰላል ላይ ወጥቶ ከካሜራው በላይ የቆርቆሮ ጥላ ሲመታ አገኘችው። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ አንድ ጣቱን በመዶሻ መትቶ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ሲያያት ፈገግ ብሎ ጣቱን አሳያት። ኢሊሊ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን እሺ አላላትም። ደብተሯን ከፍታ እስከ ማታ አንድ መስመር ሳትጽፍ ተቀመጠች።

ቤት ሲደርሱ ገና አልጨለመም ነበር። ወይንሀረግ የሥራ ሸሚዟን ሳፋ ውስጥ ነክራ ግቢው ውስጥ ማሸት ጀመረች። ኢሊሊ የቤቱ ደፍ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ለኔ ጎንበስ ብለሽ ሰላም ብለሽኝ አታውቂም።»

ወይንሀረግ ሳቀች። «ለልጄ? ጤና የለሽም እንዴ?»

«ለሌላው ልጅ ሁሉ ትያለሽ።»

የእናቷ እጅ አረፋው ውስጥ ቆመ። ከጎረቤት ብየዳ ቤት የብረት ድምፅ ይሰማል። ወይንሀረግ ቀና ሳትል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሰላሃዲን ነግራው እንደሆነ ጠየቀቻት። ኢሊሊ አልነገርኩትም አለች። ፀሐይ ነው እንዳለችው፣ እሱም አምኗት ሙሉ ቀን መሰላል ላይ እንደዋለ፣ ጣቱን እንደመታ ሁሉንም ዘረገፈችው። እየተናገረች እንባዋ መጣ።

ወይንሀረግ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ አስባበት እንዳልነበር ነገረቻት። አንድ ቀን ጥቁር የለበሱ እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ሐዘናቸው አንጀቷን በላትና ጎንበስ አለችላቸው፤ እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ማሽኑ ሳታቸው። ያኔ አቶ ሙለታ በዚያ ሲያልፉ «ወይንሀረግ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል እንደገና ለመስማት ስትል ጎንበስ ማለቷን አላቆመችም።

«እኔ ያንቺን ጉርሻ ልጠብቅ ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንቺ በኔ የተነሳ መዋሸት ከጀመርሽ ግን ምኑን ጠበቅኩት?»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ሲደርስ ይታያል። ግቢ፣ ይበርድሻል።»

ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ሙለታ ክራቫት አስረው በሩ አጠገብ ቆሙ። ሰላሃዲን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። ሰልፉ ከትኬት መሸጫው አልፎ መንገዱ ዳር ደርሷል፤ ኡሙልኸይር ከፊት፣ ኢሊሊ ከኋላዋ። ሰላሃዲን ሆን ብሎ ነው ኢሊሊን ሰልፉ ውስጥ ያስገባት። ማሽኑ እሷን ስለማይስት አለቃው ፊት አንድ እርግጠኛ አረንጓዴ ፈልጓል።

ወይንሀረግ የታጠበ ሸሚዟን ለብሳ ቦታዋ ላይ ነበረች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች። አንገቷ ቀጥ ብሏል። ዓይኗን ከሰው ራስ በላይ አሻግራ የባቡሩ ድልድይ ላይ ተክላለች።

የመጀመሪያው ሰው ቆመ። አረንጓዴ። ሁለተኛው፣ አረንጓዴ። አንድ ሽማግሌ አልፈው ከገቡ በኋላ ዞረው «እንደምን ዋልሽ?» አሏት። ወይንሀረግ ድንጋይ ሆነች። ሽማግሌው ትንሽ ጠብቀው፣ ቅር ብሏቸው ሄዱ። ኢሊሊ የእናቷ ጉሮሮ ምራቅ ሲውጥ አየች። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ሰው ሁሉ እንደ ምሰሶ እያለፋት ይገባል። አቶ ሙለታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ለሰላሃዲን በጎ በጎውን ይናገራሉ፤ እንዲህ ከሆነማ ከሰኞ ጀምሮ በሩ ላይ ሰው ማቆም ምን ያደርጋል አሉ፣ ወይንሀረግ አጠገባቸው ቆማ እየሰማች።

ኢሊሊ እናቷ ይህን የምታደርገው ለእሷ ብላ መሆኑን ታውቃለች። ልጇ ዳግመኛ እንዳትዋሽ ብላ ነው ሥራዋን በገዛ እጇ አሳልፋ የምትሰጠው። ኢሊሊ ፈራች፤ ሰኞን ፈራች፣ ቀይ መብራቱንም አረንጓዴውንም እኩል ፈራች።

ኡሙልኸይር ገባች። አረንጓዴ። ከወዲያ ማዶ ሆና «ነይ እንጂ!» ብላ በእጇ ጠራቻት።

ኢሊሊ ቢጫው መስመር ላይ ቆመች። ሰላሃዲን በፕላስተር የታሸገ አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳያት። ማድረግ ያለባት ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። እናቷ ከእሷ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ቆማለች፤ እሷንም አታያትም።

ኢሊሊ ወደ እናቷ ዞረችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

ማሽኑ ጮኸ።

«እባክዎ ቀና ይበሉ።»

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ሙለታ። ሰላሃዲን ኮምፒውተሩን ትቶ እየሮጠ መጣ። ካሜራውን እንድታይ ለመናት፣ ሁለተኛ የሚባል ዕድል እንደሌለው በሹክሹክታ ነገራት። ኢሊሊ ፊቷ ይነዳል፤ ግን ዓይኑን አየችው።

«ፀሐይ አይደለም፣ ሰላሃዲን። ዋሽቼህ ነው። ሰው እሷን ሰላም ሲል ነው የሚስተው።»

ሰላሃዲን መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ወይንሀረግን አየ። ቀጥሎ ቀና ብሎ የራሱን የቆርቆሮ ጥላ አየ። ጆሮው ቀላ። ኢሊሊ የሚጮህባት መሰላት።

«ሰላሃዲን፣ ምን ሆነ እያልኩ ነው» አሉ አቶ ሙለታ።

እሱም «ማሽኑ ደህና ነው፣ አቶ ሙለታ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጅቷ እናቷን ሰላም እያለች ነው።»

«ታዲያ እንደገና ትቁም። ቀና ትበልና ትለፍ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ኢሊሊ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ ከመስመሩ ወጣች። ወይንሀረግ አሁን ከድልድዩ ላይ ዓይኗን መልሳ እያየቻት ነው፤ በአገጯ፣ ሌላ ሰው በማያስተውለው አኳኋን፣ ቀና በይ አለቻት። ኢሊሊ ምልክቱ ገብቷታል። ካሜራው የትኛው ቀዳዳ ጋ እንደሆነም ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ሰኞ ምን እንደሚመጣ ግን አታውቅም።

መስመሩ ላይ ቆመችና እንደገና ወደ እናቷ ዞረች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እማ» አለችና ጎንበስ አለች፤ ከፊተኛው ዝቅ ብላ።

ማሽኑ ጮኸ፣ መብራቱም ቀላ። ወይንሀረግ ከኋላ ያጣመረቻቸውን እጆቿን ፈታች።

«ደህና፣ ልጄ» አለች፤ እሷም ጎንበስ አለችላት።