ሁለተኛው ቀይ ምስማር

ኮልቢ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ።

ጥቁሯ የጎማ ፓክ በግራ በኩል እየበረረች ስትመጣ ወደ ግራ ሊንሸራተት ተነሣ። ግን የጫማው ስለት በረዶውን ነክሶ ቀጥ አለ፤ እግሩ ቆሞ ቀረ፣ ገላው ሄደ። ከጭነት መኪና ላይ እንደወደቀ ጆንያ ዘፍ ሲል ፓኳ ባዶው መረብ ውስጥ ገባች።

«ኧረ በረኛው! በረዶውን መሳም ይብቃህ፣ ሰው እያየ ነው!» ብሎ ከአግዳሚው ላይ አንዱ ጮኸ። ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ። አሰልጣኝ ፍሪሰን ግን ሳይስቅ ሰሌዳው ላይ ባለው ወረቀት አንድ ነገር ጫር አደረገ።

ሬና አልሳቀችም። ተራዋን እየጠበቀች ከመረቡ ኋላ ቆማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ለሃልበርግ ታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ ቡድን በረኛ ለመሆን ስትመኝ ግማሽ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ቡድኑ የሚይዘው ሁለት በረኛ ነው። አንዱን ቦታ ያምናው ልጅ ይዞታል። የቀረችው አንዲት ቦታ ናት፤ የሚፈልጓት ደግሞ እሷና በበጋው ከሌላ ከተማ የመጣው ኮልቢ ናቸው። እሱ ሲወድቅ እሷ ትነሣለች ማለት ነው፤ ሒሳቡ ይኸው ነው።

ታዲያ ዐይኗ ለምን ከጫማው ስለት ላይ አልነቀል አለ?

ምክንያቱም የሬና አያት በዚሁ የሆኪ አዳራሽ ጓዳ ውስጥ የበረዶ ጫማ ሲስሉ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ከተማው ሁሉ እንደ እሷ «ጊዶ» ይላቸዋል፤ በእነሱ ቤት አያት ማለት ነው። ሬና ገና መንሸራተት ሳትችል ጀምሮ የምታውቀው አንድ ነገር አለ፦ የአጥቂና የተከላካይ ስለት መሃሉ ጠለቅ ተደርጎ ይሞረዳል፣ ሲታጠፉ በረዶውን እንዲነክስ። የበረኛ ግን ሳሳ ብሎ ነው የሚሳለው፣ ወደ ጎን እንዲንሸራተት። ለዚህ ነው ጊዶ የበረኛ ጫማ በሩ አጠገብ ባለችው ቀይ ምስማር ላይ የሚሰቅሉት፤ የሌላው ሁሉ ረጅሙ ሳንቃ ላይ ነው። ያምናው በረኛ ጫማውን ራሱ ስለሚስልና በሃልበርግ ከሬና በቀር ሌላ በረኛ ስላልነበረ አንድ ቀይ ምስማር በቅቶ ኖሯል።

ትናንት ጊዶ የእጅ አንጓቸው አብጦባቸው ስለነበር የሁሉንም ጫማ የሳለችው እሷ ናት። ቀይዋ ምስማር ላይ የተሰቀለው የራሷ ጫማ ነበር። ኮልቢ ምስማሯ ተይዛ ሲያገኛት የእሱን ሳንቃው ላይ ሰቀለው፤ ሬናም ከሳንቃው ላይ እያነሣች ሠላሳውንም ጥንድ አንድ ዓይነት ሞረደችው።

ወይኔ ጉዴ!

ደግሞ ጫማውን ስታቀብለው አንድ ነገር ሽው ብሎባት ነበር። «ቅርጹ ትንሽ ለየት ይላል» የሚል። ደክሟት ነበርና ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ኮልቢ ራሱ አያውቅም። «ቀሽም ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ቦታዋም የእሷ ትሆናለች። ብትናገርስ? ቦታው አንድ፣ በረኛው ሁለት፣ ሞረዱ በእሷ እጅ። «በስሕተት ነው» ብትል ማን ያምናታል?

ፊሽካው ተነፋ። በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና እያጓራ ገባና ልጆቹ ለሃያ ደቂቃ ወጡ።

ኮልቢ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ዱላውን ወለሉ ላይ ይቆረቁራል። ዐይኑ ቀልቷል።

«ኮልቢ።»

«አቦ ተይኝ ባክሽ። ሙድ ልትይዢ ከሆነ ወረፋ አለው።»

«ጫማህ ነው» አለች ሬና። «አንተ አይደለህም፣ ጫማህ ነው። እንደ አጥቂ ነው የሳልኩት።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዐይኑን ወደ ጫማው ስለት መለሰ።

«ሆን ብለሽ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አይደለም! ሳንቃው ላይ ስለነበር…»

«ሆን ብለሽ ነው! ሦስት ጊዜ ስወድቅ ቆመሽ አይተሻል!»

ለመጀመሪያው መልስ ነበራት። ሁለተኛው ግን እውነት ነበር። አይታለች። ፊቷ ጋለ፤ ማልቀስም አማራት።

«አዎ፣ አይቻለሁ» አለች። «አሁን አውልቀህ ስጠኝ፤ መኪናው ሳይወጣ ይደርሳል።»

ኮልቢ ጎንበስ አለና ማሰሪያውን በንዴት እየጎተተ መፍታት ጀመረ።

ጊዶ ጓዳው ውስጥ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ሻይ እየጠጡ ነበር። ሬና በካልሲ የቆመውን ልጅ አስከትላ ስትገባ ጫማውን ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰስ አደረጉት።

«ውይ! ልጁን በረዶው ላይ እግሩን ቸንክረን ነው የላክነው» አሉ። «አበላሸሽ» አላሉም፤ «ላክነው» አሉ። «በይ፣ የሞረዱን ድንጋይ ለበረኛ አስተካክዪው። እጅሽ አይንቀጥቀጥ፤ የፈራ እጅ ብረት ይበላል።»

ሞረዱ ተንጫረረ። ኮልቢ እጁን አጣምሮ ብልጭታውን ሲያይ ቆየ።

ጫማውን እንደሰጠችው ሬና አሰልጣኙን ፍለጋ ሮጠች። «አሰልጣኝ፣ ኮልቢ የወደቀው በእኔ ጥፋት ነው። ጫማውን አበላሽቼ የሳልኩት እኔ ነኝ።»

አሰልጣኝ ፍሪሰን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ይኼን ስትነግሪኝ ማን እንደሚጎዳ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። ግን የተጻፈው ልክ አይደለም።»

አሰልጣኙ ትኩር ብሎ ተመለከታትና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። «ሂጂ፣ ጭንብልሽን አጥልቂ» አላት።

እፎይ! ሬና ያን የመሰለ ቅለት ተሰምቷት አያውቅም። የሸክሙን ክብደት ያወቀችው ካወረደችው በኋላ ነው። ተራዋ ደርሶ መረቡ ፊት ስትቆም ፓኳ እንደ ሰሐን ሰፍታ ታየቻት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጎል አድና አታውቅም።

ኮልቢም ገባ። ፓኳን ወደ ግራ ሲመቷት ግራ ደርሶ ይጠብቃታል፣ ወደ ቀኝ ሲመቷት ቀኝ። ያ ከአግዳሚው ላይ የጮኸበት ልጅ አምስት ጊዜ ሞክሮ አምስቱንም ኮልቢ ሲያድንበት ዱላውን ወረወረው። ሬና እያየች፣ «አይ፣ ይኼ ልጅ ይችላል» አለች በሆዷ። መቻሉ አናደዳት፤ ግን ይችላል።

ከሰዓት ዝርዝሩ መልበሻ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ከአምናው በረኛ ስም ሥር፦ ኮልቢ። የሬና ስም በሁለተኛው ቡድን ወረቀት አናት ላይ ነበር።

አመማት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደረቷ ላይ ቆንጠጥ አደረጋት። ስሟን ሁለቴ አነበበችና የባሰው ነገር፣ በመናገሯ መጸጸት፣ መጥቶ እንዲወርድባት ጠበቀች። አልመጣም። ከአሁን በኋላ ያን ልጅ መንገድ ላይ ስታገኘው ዐይኗን የምትሰብርበት ምክንያት የለም። ትንፋሽዋን ለቀቀችና ወደ ጊዶ ጓዳ ሄደች።

መዶሻ ስትፈልግ በሩ ተንኳኳ። ኮልቢ ነው፤ ጫማውን በማሰሪያው አንጠልጥሏል።

«ለሐሙስ ልምምድ ይሳልልኝ።»

«ጊዶ ወጥተዋል። እጃቸውም ገና አልዳነም።»

«ለጊዶ መች አመጣሁት» አለ ወለሉን እያየ። «ላንቺ ነው ያመጣሁት።»

ሬና ጫማውን ተቀበለችው። ቀይዋ ምስማር ላይ እንደ ወትሮው የራሷ ጫማ ተንጠልጥሏል። ሳንቃውን አየች፣ ምስማሯን አየች፤ ከዚያ ዝርዝሩን ስትጠብቅ ጊዶ በቆርቆሮ ካስቀሩት ቀይ ቀለም አናቱን ነክራ ያደረቀችውን አዲስ ምስማር ከኪሷ አወጣች።

«ከቀይዋ ምስማር ጎን ያዝልኝ» አለችው።

ኮልቢ ምስማሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ ያዘ። «ጣቴን እንዳትመቺው፣ በረኛ ነኝ።»

«እኔም ነኝ» አለች ሬና፤ መዶሻውንም አነሣች።