ክር የሌለው ጠርሙስ

ሰው በገዛ ጓዳው፣ በገዛ መቀሱ የቤቱን ሰላም ይቆርጣል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ይህን ቤት እስካውቀው ድረስ...

ቤቱ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባወራው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይገባል፣ ከገባም በኋላ ጆሮውን ለሬዲዮ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አትቀበልም፤ ማኅተም ያረፈበትንም ገልብጣ ታየዋለች። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ምላሷ የማያርፈው የዘጠኝ ዓመቷ «ቃሪያ» ትባላለች፤ የአምስት ዓመቷን ደግሞ ከጉንጯ የተነሣ «ድንቡሼ» ይሏታል። ከእነሱ ጋር የሹፌሩ እናት ይኖራሉ። የዚህ ታሪክ ዕንባ የሳቸው ነው።

አያት አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት የቁልፍ ቀዳዳ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ለሰው ሸሚዝ ገብረው ጨርሰዋል። ካለፈው ዓመት ጉንፋን ወዲህ ደግሞ አፍንጫቸውም ከዳቸው፤ ሽንኩርት ቢያርር እንኳ አይሸታቸውም። የቀራቸው ጣታቸው ነበር። ጣታቸው ግን ጥጥን ከሐር በጨለማ ይለያል።

የኋላ በረንዳው የሳቸው ግዛት ነበር። ከዚያ ቤት የሚወጣ ቆሻሻ ሁሉ በሳቸው እጅ ያልፋል። ወረቀቱ በአንድ ጆንያ፣ ቆርቆሮው በአንድ፣ ፕላስቲኩ በአንድ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰብሳቢዎቹ መኪና ሲመጣ ራሳቸው ይዘው ይወርዳሉ። «የሚጣል ዕቃ የለም፤ የሚጥል ሰው ነው ያለው» ይላሉ። ከሁሉ ከሁሉ የሚሳሱለት የእርጎ ኩባያ ነው። አጥበው፣ አድርቀው፣ በሎሚና በስኳር ብጥብጥ ይሞሉትና እንጨት ሰክተው ማቀዝቀዣው ውስጥ ከጎመኑ ጀርባ ይደብቁታል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሦስቱም በረንዳው ላይ ተደርድረው በረዷቸውን ይልሳሉ። ከምሳ በፊት ነውና ምስጢር ነው። የእናትየው ኮቴ ሲሰማ ኩባያው ከቀሚስ ሥር ይገባል፣ ሦስቱም ጸጥ ይላሉ። ምናለ ያ ጸጥታ ባይኖር ኖሮ...

የቧንቧ ውሃ በየሁለት ቀኑ ስለሚጠፋ የመጠጥ ውሃ በጠርሙስ እየተሞላ በረንዳው ላይ ይደረደራል። ምራትየዋ በጀሪካን የምትገዛውን በረኪና የምትቀዳውም በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ነው። እሷ በማሽተት ትለየዋለች። አያት ግን አፍንጫ የላቸውም። ስለዚህ ምራታቸው ከጀሪካኑ ቀድታ በጨረሰች ቁጥር፣ በረኪና ባለበት ጠርሙስ ሁሉ አንገት ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። በስፌት ቤቱ ቀይ ክር የታሰረበት ልብስ «አትንኩት» ማለት ነበር። አርባ ዓመት በዚህ ሕግ የኖረ ሰው ዓለም ሁሉ ሕጉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ለልጆቹ ነገሯቸው። ለልጃቸውም ነገሩት፤ እሱ ጆሮው ሬዲዮው ላይ እንዳለ «እሺ እማዬ» አለና ወዲያው ረሳው። ለምራታቸው ግን አልነገሯትም። ሴት ሆና ክር አይታ እንዴት አይገባትም ብለው ነው። ደግሞም በሁለቱ መካከል ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ወሬ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው የምራትየዋ ታናሽ እህት፣ ፀጉር ቤት ያላት፣ ልትጠይቃት የመጣች ቀን ነው። በረንዳው ላይ ቆማ ጠርሙሶቹን አየች።

«ይሄ ቀይ ክር ምንድን ነው?»

«እሳቸው ናቸው የሚያስሩት።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ጠይቄያቸው አላውቅም።»

«እኔ ስንት ራስ ይዤ ስንት ጉድ የሰማሁ ሰው ነኝ። ሰው ዝም ብሎ ክር አያስርም፣ እህቴ። ባልሽ ሰሞኑን እንዴት ነው?»

«ዝም ይላል።»

«አየሽ።»

ሰውዬው ከተወለደ ጀምሮ ዝምተኛ ነው! በሠርጉ ቀን እንኳ ያወራው ሚዜው ነበር። ግን ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ ሁሉን ነገር ምስክር ያደርጋል። ፀጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ የለሁበትም» አለች። የለሁበትም ብላ ነገሩን ተክላ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምራት ዓይኗ ሌላ ሆነ። ስትገባ ልጆቹ ለምን ጸጥ ይላሉ? አሮጊቷ ጠርሙስ እየዳሰሱ ከንፈራቸውን የሚያንቀሳቅሱት ምን እየደገሙ ነው? (ይቆጥሩ ነበር፤ አራት ክር፣ አራት በረኪና።) ተቀድዶ የጣለችው ሰማያዊ ቀሚሷ ደግሞ ከቆሻሻው ጠፋ። ስትፈልገው ከአማቷ አልጋ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ተቆራርጦ አገኘችው። ልብሴን ምን ሊያደርጉበት ነው? ብትጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አልጠየቀችም። መልሳ ጠቅልላ አስቀመጠችና መጠበቅ ጀመረች።

ቅዳሜ መጣ። አያት ጆንያዎቹን ይዘው ወደ መኪናው ወረዱ። ምራት መቀስ አነሣች፤ ከአራቱ ጠርሙሶች አንገት ላይ አራቱንም ክሮች ቆረጠች። ጋዜጣ ውስጥ ጠቀለለቻቸውና ጆንያዎቹ ባዶ ሆነው ሲመለሱ ወደ ወረቀቱ ጆንያ ወረወረቻቸው። ልቧ ቀለል አላት። ልጆቿን ከክፉ ያዳነች መሰላት፣ ምስኪን።

ከቀትር በኋላ ድንቡሼ ከታች ስትሯሯጥ ቆይታ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ እያለከለከች ገባች። «አያቴ፣ ውሃ።» አያት ከዳር ያለውን ጠርሙስ አነሡ። እንደ ልማዳቸው አንገቱን በጣታቸው ዞሩት። ክር የለም። የእርጎ ኩባያውን ሞልተው ሰጧት። ልጅቱ በጥም አንዴ ሳትተነፍስ ጨለጠችው።

ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት ምን ብዬ ልጻፈው? ሕንፃው ሁሉ ወጣ። አባትየው ወሬውን ሲሰማ መንገደኞቹን አውርዶ ባዶ አውቶቡሱን ሆስፒታሉ በር ላይ ገተረው። ሐኪሙ ጉሮሮዋ መቃጠሉን፣ መትረፏን ግን ገና መናገር እንደማይችል ነገራቸው። እናትየው ወደ አማቷ ዞረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትላቸው የኖረች ሴት፣ በዚያ ኮሪደር ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «አንቺ» አለቻቸው።

«አንቺ ነሽ። ልጄን አንቺ ነሽ የገደልሽብኝ።»

አያት ጣታቸውን እየዳሰሱ ቆሙ። ጣቴ ዋሸኝ? አርባ ዓመት ያልዋሸኝ ጣት ዛሬ፣ በልጄ ልጅ ላይ?

የልጅቱን ልብስ እንዲያመጡ ወደ ቤት ተላኩ። እግራቸው በልማድ ወደ በረንዳው ወሰዳቸው፤ እጃቸው በልማድ ወደ ወረቀቱ ጆንያ ገባ። ጋዜጣ የማይመስል ጋዜጣ ነካቸው። ከፈቱት። አራት ክር። የተበጠሰ ክርና በመቀስ የተቆረጠ ክር ለስፌት ሴት አንድ አይደለም። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ከጎኑ ጥርት ብሎ ተቆርጧል። በቤቱ ከሳቸው ሌላ መቀስ የምታነሣ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ይናገሩ? ቢናገሩ እሳቸው ነጻ ናቸው፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። እሷስ? ልጇን በገዛ እጇ ለዚህ ዳረገች መባልን ተሸክማ እንዴት ትኖራለች? ባሏስ በምን ዓይን ያያታል? ልጆቹስ? ክሮቹን በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሯቸው ውስጥ ከተቱና ክዳኑን ገጠሙት። ሆድ ይፍጀው አሉ።

ማታ ልጃቸው «እማዬ፣ እንዴት ተሳሳትሽ?» አላቸው።

«ዓይኔ ነው፣ ልጄ። አርጅቻለሁ።»

ምራት ግን ይህንንም አላመነችም። ይህን ያህል ቶሎ ጥፋቱን የሚወስድ ሰው ሌላ የሚደብቀው ቢኖረው ነው አለች። ባሏን ጥግ አስይዛ «ወይ እሷ፣ ወይ እኔ» አለችው። ሹፌሩ መሪ ይዞ ከተማ የሚያቋርጥ ሰው፣ በቤቱ መታጠፊያ ላይ ግን ፍሬን ያዘ። ዝም አለ። አያት ዝምታውን ሰሙና ማንም ሳይነግራቸው ሻንጣቸውን አሰሩ። ድንቡሼ ገና ሆስፒታል ነበረች። ቃሪያ በሩ ላይ ቆማ «አያቴ፣ መቼ ትመጫለሽ?» ስትላቸው ራሷን ዳሰሱና ደረጃውን ወረዱ። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ በታናሽ እህታቸው አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የግድግዳ ጥግ ተሰጣቸው። በቤቱ ስማቸው እንዳይነሣ ተከለከለ።

ድንቡሼ ከሁለት ወር በኋላ ተርፋ መጣች። ጉንጯ ሟሟ፤ ድምፅዋም ሻከረ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ድምፅ አልሆነም። «አያቴስ?» ስትል የሚመልስላት ጠፋ። በረንዳው ላይ ቆሻሻው ተደበላልቆ ተከመረ፤ የእርጎ ኩባያም ከነእድፉ ይጣል ጀመር።

አንድ ቀን እናትየው በረንዳው ላይ በረኪና ስትቀዳ፣ ቃሪያ ከደብተር ቦርሳዋ ቀይ ክር አውጥታ መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላስርበት ነዋ። ድንቡሼ እንዳትጠጣው።»

«ክር ምን ያደርጋል?»

«ቀይ ክር ያለበት በረኪና ነው፣ አይጠጣም። አታውቂም እንዴ? አያቴ ጠርሙስ ስታነሣ መጀመሪያ አንገቱን ነው የምትዳስሰው። ያን ቀን ግን ማሰር ረሳች መሰለኝ።»

ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። በረኪናው በረንዳውን አጥለቀለቀው፤ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። አልረሱም... አልረሱም... አራት ነበሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ የቆረጠቻቸው ራሷ ናት። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለም?

አያት በጎናቸው ተኝተው ነበር። ሳንባቸው ከታመመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ለልጃቸው እንዳትነግር እህታቸውን አስምለዋል። ምራት አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ከወረቀቱ ጆንያ አገኘሁት።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ይላሉ? እንዴት ዝም ብለው ይወጣሉ?»

«ልጆች ያለ አያት ያድጋሉ፤ ስንቶቻችን አድገናል። ያለ እናት ግን...» ትንፋሽ አጠራቸው። «ጥፋቱ የኔም ነው። ሰው ሁሉ ስፌት ቤት ያደገ መስሎኝ ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«'አንቺ' በይኝ። ሆስፒታል ያልሽኝ ጊዜ፣ በንዴት ቢሆንም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ እናቱን 'አንቺ' ነው የሚላት።»

ከትራሳቸው ሥር ፌስታሉን ጎትተው ሰጧት። ሰማያዊ ቀሚሷ ነበር፤ ተቆራርጦ፣ ተገጣጥሞ፣ በጥጥ ተሞልቶ የወንበር ትራስ ሆኗል። «ወገቤን ስትይ እሰማ ነበር። ለቢሮሽ ነው» አሏት። ያ ስትጠረጥረው የከረመችው ድግምት ይህ ነበር። እናትየው ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ነገ ልጆቹን አምጪልኝ» አሉ አያት። «ደግሞ ከምሳ በፊት በረዶ ይፈቀድላቸው።»

«ይፈቀዳል። አንቺ ብቻ ጠብቂን።»

ቤቷ ስትመለስ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ሬዲዮውን ዘጋ። እናትና ልጆች ከቆሻሻው ውስጥ የእርጎ ኩባያ ፈልገው አጠቡ፣ ሎሚ ጨመቁ፣ እንጨት ሰኩ። በማግስቱ ጠዋት ድንቡሼ ኩባያዋን በፎጣ ጠቅልላ፣ በደረቷ አቅፋ፣ መንገዱን ሙሉ ሳታወራ ሄደች። መንገዱ ግን ሩቅ ነበር፤ ፀሐዩም በርትቷል። ሲደርሱ የአያት እህት በሩ ላይ ቆመዋል። «ሌሊቱን ሙሉ 'ነጋ ወይ' ስትል አደረች። አሁን፣ ሰዓት አልሞላም...» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ሹፌሩ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። እናትየው ግድግዳውን ተደገፈች። ድንቡሼን የያዛት አልነበረም፤ በመካከላቸው አልፋ ወደ አልጋው ሄደች። በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል። አያቷ የማይቀበሏት ለምን እንደሆነ አሰበችና የገባት መሰላት። የአያቷን እጅ አነሣች፤ የቀዘቀዙትን ጣቶች በኩባያው አፍ ዙሪያ አዞረቻቸው። ከዚያ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ ቀስ ብላ፣

«ክር የለውም፣ አያቴ። ጠጪው» አለች።

ዕድል ነው ይላሉ ሰዎች፤ የተጻፈ ነው ይላሉ። እኔ ግን ዕድል መቀስ ይዞ አላየሁም። አንዲት ጥያቄ ነበረች፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ጓዳ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖረው ሳይጠያየቁ ያሳለፏት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ዛሬ በዚያ በረንዳ ላይ ወረቀቱ በአንድ ጆንያ፣ ቆርቆሮው በአንድ ተለይቶ ይቀመጣል። በረኪና ያለበት ጠርሙስ ሁሉ ቀይ ክር አለው፤ የምታስረው ምራትየዋ ናት። ወደዚያ ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ ወደ በረንዳው ትወስደውና ክሩ ምን ማለት እንደሆነ ትነግረዋለች።