ቁንጫ ያለበት መጽሐፍ

«እሺ እድላዊት፣ ወንድምሽ የትኛውን ወደደ?» ሲሉ መምህር የሺዋስ ቀና አላሉም። የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር።

በቤተ መጻሕፍት ክበቡ ደንብ፣ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የሚነበብ መጽሐፍ መጀመሪያ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ላይ ይሞከራል። ልጁ ካዛጋ መጽሐፉ ወደቀ ማለት ነው። የዚህ ወር ርዕስ ጥንታዊ ሥልጣኔ ሲሆን ከክበቡ አባላት ሁለት መጻሕፍት ቀርበዋል። መጽሐፉ የተመረጠለት ነገ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ፊት ቆሞ ራሱ ያነባል። ሁለቱንም ገላን ኮንዶሚኒየም ቤቷ ወስዳ ትንሽ ወንድሟ ነቢዩ ላይ የሞከረችው እድላዊት ናት።

አንደኛው የማህሌት ነው፤ ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የአዲስ ወረቀት ሽታው ያልለቀቀው። ነቢዩን ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሁለተኛው የሉላ ነው። ሽፋን የለውም፤ አባቷ በጆንያ ክር ሰፍተውታል። የባቢሎን ልጆች ጭቃ ላይ እየጻፉ ይማሩ እንደነበር፣ ያረፈደም እንደሚገረፍ ሲያነብ ነቢዩ ሳቀ። «ያኔም?» አለ። ደረጃው ሥር ወርዶ ጭቃ አቦካና በስንጥር ስሙን ጻፈበት። እራት ሲቀርብ ደግሞ መጽሐፉን አልለቅም ብሎ ከእናታቸው ጋር ተጨቃጨቀ። መልሱ እንግዲህ ይኸው ነው፤ የሚከብድ ነገር የለውም።

ግን ማህሌት ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃት ነበር።

«የሷ ቢመረጥ ነገ ማን ሊያነብ ነው? ሉላ?» አለች። «አባቷ እኮ ቆራሌው ነው። ከቆሻሻ ያወጣውን ነው ያመጣችው። ቁንጫ አለው በያቸው፣ አለቀ።»

«ቁንጫ ግን የለውም።»

«አቦ አታካብጂ። ከኔ ጋር ነሽ አይደል?»

እድላዊት እዚህ ትምህርት ቤት ስትገባ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ምሳዋን ብቻዋን ነው የበላችው። መጀመሪያ አጠገቧ የተቀመጠችው ማህሌት ናት። ወደዚያ ብቸኝነት መመለስ አልፈለገችም፤ ፈራች።

«የማህሌትን ወዶታል» አለች ለመምህሩ። «የሉላን ሲያነብ ግን እጁን በላው። ቁንጫ አለው መሰለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከሉላ አጠገብ የተቀመጠው ሮቤራ ወንበሩን አራቀ። ከኋላ አንዱ ክንዱን ማከክ ጀመረ፤ ወዲያው ሁሉም እያከኩ ሙድ ያዙባት። መምህር የሺዋስ ፈገግታቸውን እየዋጡ «በቃ፣ በቃ» አሉ። «ቁንጫ ካለው ይውጣ። ውሰጂው ሉላ፤ አባትሽ ፀሐይ ላይ ያስጣው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእድላዊት ደግሞ ወለምታም አይደለም፤ ከጠዋት ጀምራ ያዘጋጀችው ነው።

ሉላ አላለቀሰችም። መጽሐፉን ስታነሳ ከውስጡ የከረሜላ ወረቀት ብቅ ብሎ ታየ። ነቢዩ የደረሰበት ገጽ እንዳይጠፋው ያስቀመጠው ነው። ሉላ ገልጣ አየችው፤ ልጁ መጽሐፉን ለመጨረስ የቀረው ጥቂት ገጽ ነበር። ከዚያ እድላዊትን አየቻት። ወረቀቱን እቦታው መለሰችና መጽሐፉን ዘጋች። ብትሰድባት በስንት ጣዕሙ።

ቤት ስትደርስ ነቢዩ በሩ ላይ ተቀበላት።

«መጽሐፉስ?»

«ለባለቤቱ ተመለሰ።»

«አልጨረስኩትም እኮ።»

ልትመልስለት ስትል ከታች «ቆራሌው! አሮጌ ጫማ፣ ጣሳ፣ ጠርሙስ ያለው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቷ የተሰበረውን ባልዲ አስይዛ ላከቻት። ሰውየው ማዳበሪያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ባልዲውን ሊቀበሉ ሲሉ ዩኒፎርሟን አዩ።

«ከልጄ ከሉላ ጋር ነው የምትማሪው?»

«አዎ» አለች።

«ቅድም አስፋልቱ ላይ አገኘኋት። መጽሐፌ ተመረጠ፤ ነገ ለልጆች አነባለሁ አለችኝ። ስትነግረኝ ግን አንገቷን ደፍታ ነው። ደስ ሲላት ታፍራለች መሰለኝ።» ላባቸውን ጠረጉ። «እኔ ማንበብ አልችልም ልጄ። የፈረሰ ከተማ ሥዕል ያለበት ሳገኝ ግን ለሷ ነው የማስቀምጠው፤ እሱን ትወዳለች። ነገ ሥራ አልወጣም። መስኮቱ ጋ ቆሜ ብሰማት ዘበኛው ይከለክለኛል?»

የነገው ንባብ ቀርቷል ልትላቸው ትችል ነበር። አንዴ ለዋሸ አፍ ሁለተኛው አይከብደውም። እድላዊት የሰውየውን እጅ አየች፤ ጣታቸው ላይ መርፌ የወጋው ጠባሳ ነበር።

«አይከለክልዎትም፣ ጋሼ» አለች። «ሦስት ሰዓት ነው የሚጀምረው። እንዳያረፍዱ።»

መርቀዋት ሄዱ። እሷ ደረጃው ላይ፣ ነቢዩ የጻፈበት የደረቀ ጭቃ አጠገብ ቁጭ ብላ የክበቡን ቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። የቁንጫ ሥዕል ሞልቶታል። ሮቤራ አንዱን ቁንጫ ዩኒፎርም አልብሶ ከሥሩ «ሉላ» ብሎ ጽፎበታል።

«ቁንጫ የለውም» ብላ ጻፈች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ የወደደው የሉላን ነው። መምህር፣ ነገ እሷ ታንብብ።» ላከችው።

ከብዙ ደቂቃ በኋላ መምህር የሺዋስ «እሺ። መጽሐፉን ይዛ ትምጣ» አሉ። «ፀሐይ ላይ ያስጣው» ስላሉት ግን አንድም ቃል አልጻፉም።

ማህሌት ግሩፑ ላይ አልጻፈችም፤ ለብቻዋ ነው የላከችላት። «ሰኞ ምሳሽን የት እንደምትበዪ ከአሁኑ አስቢበት።»

እድላዊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። ሉላ ስልክ የላትም። ቁንጫ የለውም መባሉንም፣ ነገ መጽሐፉን ይዛ መምጣት እንዳለባትም አታውቅም። አንድ ሰው ቤቷ ሄዶ ፊት ለፊት ሊነግራት ይገባል።

«ቆራሌው» የሚለው ድምፅ አራተኛው ብሎክ ጋ ደርሷል። ስልኳን ኪሷ ከታ ድምፁን ተከትላ ሄደች።