ዘጠኝ ወር በላስቲክ ውስጥ

«አንድ፣ ሁለት፣ አሁን!» አሉ የዩኒቨርሲቲው ዲን እያጨበጨቡ።

ክብሪት ጣቷን ስማርት ቦርዱ ላይ አሳረፈች። ምንም የለም። ትንሽ ጠበቀች፤ አሁንም ምንም የለም። ተስፋ ቆርጣ ወደ ወንበሯ ዞር ስትል ሰሌዳው ላይ የነበረው ሥዕል በራሱ ጊዜ ቦግ ብሎ ተከፈተ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ዘገየሽ!» ዲኑ የተቆጡት ክብሪትን ሳይሆን ከኋላ ጠረጴዛ የተቀመጠችውን እናቷን ነው። «እሷ ስትነካ አንቺ ትጫኛለሽ። በቃ። ምኑ ነው የከበደሽ?»

«ይቅርታ ዶክተር፣ ከዚህ ሆኜ ጣቷ አይታየኝም» አለች እናቷ። ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ከተነጠፈው ጨርቅ ስር ነበር። ከጨርቁ ስር ማውስ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣት ሲነኩት የሚሠራው ስማርት ቦርድ ለመማር ማስተማሩ እንዲረዳ ተብሎ ከሃያ አምስት ኮምፒውተሮች ጋር ለዩኒቨርሲቲው በስጦታ ከመጣ ዘጠኝ ወሩ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ወሮች ውስጥ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ አልተላጠም። ኪቦርዶቹም እንደዚያው በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ናቸው። «ከተላጠ አሮጌ ይሆናል» ይላሉ ዲኑ። ሰሌዳው ደግሞ ላስቲክ እንደለበሰ የሰው ጣት አይለይም። ነገ ስጦታውን የሰጡት እንግዶች ሊጎበኙ ስለሚመጡ መላ ተፈለገ፤ ተማሪዋ እንደነካች ታስመስላለች፣ ቴክኒሺያኗ ከጨርቁ ስር ማውሱን ትጫናለች። መላው የዲኑ የራሳቸው ነው፤ ይኮሩበታልም።

«እንደገና!» አሉ። «ከነካሽ በኋላስ ምን ትያለሽ?»

«በየቀኑ እንጠቀምበታለን» አለች ክብሪት፣ ግድግዳውን እያየች።

«ፈገግ ብለሽ!»

ክብሪት የሚሏት ስለቀጠነች ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለምትቀጣጠልም ነው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከየትምህርት ቤቱ መርጦ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሮግራም መጻፍ ከሚያስተምራቸው ሃያ አራት ልጆች አንዷ ናት። የሚማሩት ግን እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለም። እዚህ ያለው በር ሁሌም ዝግ ነው። የሚማሩት ጎን ካለው ክፍል ነው፤ መምህሩ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኪቦርድ ይስላል፣ እነሱ ደግሞ በፎቶ ኮፒ የተባዛ የወረቀት ኪቦርድ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይደበድቡታል። ኮዱን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። አጠገቧ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ፣ አንቴና፣ ወረቀቱን በጣም ከመደብደቡ የተነሳ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አውጥቷል። «ቲቸር፣ ኪቦርዴ ተበላሸ፤ ጥገና ይላክልኝ» ብሎ ሁሉንም ያስቃል።

ሳቁ ጥሩ ነበር፣ ፈተናው ባይኖር ኖሮ። ከነገ ጀምሮ ሲቆጠር አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ የሚሰጠውም በእውነተኛ ማሽን ላይ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ይሰናበታል። ከሃያ አራቱ ውስጥ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው አንድም ልጅ የለም። ክፍሉ ይከፈትልን ብለው ዲኑን ሦስት ጊዜ ለምነዋል። መጀመሪያ «ርክክቡ ይለቅና» አሉ። ቀጥሎ «ክረምቱ ይውጣና»። አሁን ደግሞ «እንግዶቹ ይሂዱና እናያለን»።

ልምምዱ አልቆ ልጆቹ ሲወጡ አንቴና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«አቦ ሙድ ያዙብን እኮ። ነገ በየቀኑ እንጠቀማለን ካልሽ በኋላ ማን ይከፍትልናል?»

ክብሪትም ስታስብ የነበረው እሱኑ ነው።

ወደ ቤት ሲሄዱ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር እሷና እናቷ ቆሙ። የክፍሉ ቁልፍ እንደ ወትሮው በሰማያዊ ማሰሪያ እናቷ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። እናቷ ያንን ክፍል የምትወደውን ያህል ትፈራዋለች። ጠዋት ጠዋት ገብታ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ዕቃውን ሁሉ ፈርማ የተረከበችው እሷ ናት። «አንዲት ጭረት ብትገኝ በራስሽ ነው» ብለዋታል ዲኑ።

«ነገ ሁለት ቃል ብቻ ናት» አለች እናቷ። «ብለሽ ትቀመጫለሽ።»

«ውሸት ነዋ፣ እማ።»

«ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። ሰዎች ያዳምጡ ጀመር። «እኔስ ደስ ብሎኝ ነው እንደ ሌባ እጄን ጨርቅ ስር የምደብቀው?»

«እና ለምን እሺ አልሽ?»

«አንቺን ስለማሳድግ።»

ክብሪት ይህን መልስ አልወደደችውም። ሁልጊዜ ይህ መልስ ሲመጣ ጨዋታው ያልቃል። ዛሬ ግን እንዲያልቅ አልፈለገችም።

«ልጅ ሆነሽ የአባትሽን ሬዲዮ ፈታተሽ የገጠምሽው አንቺ አይደለሽ? ሁሌ ትነግሪኝ የለ? ስትከፍቺ ያደግሽ ሰው እንዴት ሥራሽ መቆለፍ ሆነ?»

እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ክብሪት ወዲያው ቆጫት፤ ቃሏን ግን መልሳ አልዋጠችውም። የቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ እናቷ የክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ እያወለቀች፣ «አደራሽን፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» አለቻት።

በማግስቱ እንግዶቹ አምስት ሆነው መጡ። ከፊት ያሉት መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አዛውንት ሴት ናቸው። ዲኑ አዲስ ክራባት አስረዋል። ልጆቹ በየኮምፒውተሩ ፊት ተደርድረዋል፤ እንዳይነኩ ተነግሯቸዋል። መምህሩ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

ክብሪት ተጠርታ ወጣች፤ ጣቷን አሳረፈች። እናቷ በትክክለኛው ቅጽበት ተጫነች። ሥዕሉ ተከፈተ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዲኑ በዓይናቸው ቀጥይ አሏት።

«በየቀኑ…» አለች ክብሪት።

«በየቀኑ ይጠቀሙበታል» ብለው ዲኑ ጨረሱላት። «ሰው ስታይ ታፍራለች።»

አፍራ አታውቅም። አንቴና ከኋላ ሳቁን ለማፈን ሳል አስመሰለ።

አዛውንቷ ሴት ጠጋ አሉ። «ጎበዝ የኔ ልጅ። አንቺ ራስሽ የጻፍሽው ፕሮግራም አለ? እሱን ብታሳዪኝ ደስ ይለኛል።»

ይህ በልምምዱ ውስጥ አልነበረም። ክብሪት እናቷን አየቻት። እናቷ አንገቷን በስሱ ወዘወዘች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። ክብሪት ተናደደች። በዲኑ ብቻ አይደለም የተናደደችው፤ ሲጨበጨብላት ደስ ባለው በራሷ ልብም ጭምር ነው። እንግዶቹ ዛሬ ረክተው ከሄዱ በሩ ከኋላቸው እንደሚቆለፍ፣ ሃያ አራቱም ልጆች ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነክተውት የማያውቁት ማሽን ፊት ተቀምጠው እንደሚንቀጠቀጡ ታያት።

«አለኝ» አለች። «እዚህ ውስጥ ግን አይደለም።» ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣች። «እዚህ ነው።»

«ወረቀት ላይ?»

«ሁላችንም ወረቀት ላይ ነው የምንጽፈው። እዚህ ክፍል የገባነው ትናንትናና ዛሬ ብቻ ነው።»

ዲኑ ሳቁ። «ቀልደኛ ናት!»

«አልቀለድኩም» አለች ክብሪት። ወደ ሰሌዳው ዞራ የላስቲኩን ጫፍ በጥፍሯ ፈለገች። አገኘችው። ያዘችና ወደ ታች ሳበችው።

ድምፁ ረጅም ልብስ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነበር። እናቷ ከወንበሯ ብድግ ስትል ማውሱ ከጨርቁ ስር ወደቀና መሬት ለመሬት ተንሸራቶ አዛውንቷ ሴት እግር ስር ቆመ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አነሱት። ማውሱን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ ዲኑን አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ክብሪት ከሰሌዳው ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የኪቦርዱንም ላስቲክ ገፈፈች። ደብተሯን ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። ጣቶቿ የፊደሎቹን ቦታ ያውቁታል፤ ወረቀቱ ይህን ያህልስ አስተምሯታል። ግን ቁልፎቹ ስትጫናቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ! አንድ ፊደል ስትፈልግ አራት ይመጣባታል። ታጠፋለች፣ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። ሁሉም እያያት ነው። አላቆመችም።

ጨርሳ ፕሮግራሙን ስታስነሳው ሰሌዳው ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስህተት አለ።

«ደብተሩ ላይ ልክ ነበር» አለ መምህሩ ሳያስበው ከጥጉ ወጥቶ። «እኔ ራሴ አርሜዋለሁ።»

«ወረቀት ስህተት ነው አይልማ፣ ቲቸር» አለች ክብሪት። ወደ አዛውንቷ ሴት ዞረች። «ፈተናችን በማሽን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን።»

«ሻይ ተዘጋጅቷል!» አሉ ዲኑ ጮክ ብለው። «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል!» እንግዶቹን በእጃቸው ወደ በሩ መሩ። አዛውንቷ ሴት መጨረሻ ላይ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ትንሿ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ ማንም አላየም።

ዲኑ እንግዶቹን ለመምህሩ አስረክበው ተመለሱ። ክራባታቸው ተጣሟል።

«አንቺ ልጅ» አሉ ክብሪትን። «ነገ ወላጅ ሳትይዢ እዚህ ግቢ እንዳትረግጪ!»

ከኋላ፣ ከጠረጴዛው በኩል፣ የወንበር ድምፅ ተሰማ።

«እዚሁ ነኝ፣ ዶክተር» አለች እናቷ። «ወላጇ እኔ ነኝ። ይናገሩ።»

አንቴና መሳቅ ፈልጎ አልቻለም። ዲኑ እናትየዋን አዩ፤ እንደ ቴክኒሺያን ብቻ ለምደዋት ኖሮ ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

«አንቺንማ ሰኞ በጽሑፍ ነው የማነጋግርሽ» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ላስቲክ መልሰሽ ለጥፊው። ክፍሉን ቆልፊና ቁልፉን ቢሮ አምጪልኝ።» በሩን አላትመው ወጡ።

እናቷ ላስቲኩን ከመሬት አነሳችው። አቧራ ይዟል፤ እርስ በርሱም ተጣብቋል። ለአፍታ በሁለት እጇ ዘረጋችው፤ ክብሪት የምትለጥፈው መሰላት። እናቷ አጣጠፈችው፣ ደግማ አጣጠፈችው፣ ከዚያ ጠቅጥቃ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው።

«አዋረድኩሽ፣ እማ?» አለች ክብሪት።

«እሱን ቤት እንነጋገራለን። ቀላል እንዳይመስልሽ።» ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስንተኛው መስመር ነው ያለሽ?»

«ሦስተኛው።»

እናቷ ሰሌዳውን አየች። ጣቷን ልትጠቁም አንስታ መልሳ ሰበሰበችው። «አንቺው ፈልጊው።»

ክብሪት መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ቅንፍ ከፍታ አልዘጋችም። የመዝጊያ ቅንፉን ቁልፍ ፈልጋ ተጫነችው፤ ፕሮግራሙንም እንደገና አስነሳችው። ለፈተናው የቀሩትን ቀኖች እንዲቆጥር ነበር የጻፈችው። ሰሌዳው ላይ፣ ክፍሉን በሚያክል ትልቅ ቁጥር፣ 19 ወጣ።

ልጆቹ ሁሉ አዩት። ከዚያ አንቴና ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግቶ፣ ፊቱ ያለውን የኪቦርድ ላስቲክ በጥርሱ ይዞ ቀደደው።

እናቷ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች። ቢሮ ድረስ የሚወስደው ኮሪደር ረጅም ነው፤ እሷ ግን አልሄደችበትም። ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ተመልሶ እንዳይዘጋም ወንበር አስደገፈችው። ከዚያ ቁልፉን በክብሪት ደብተር ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዶክተር እስኪመጡ ድረስ» አለች፣ «ሥሩ።»