ከግርጌ ማንበብ

«ደረቱን የተመታው ሰውዬ ያለበት አለሽ?» አለ ሽማግሌው።

የምስጢር ቃሉ ነው። ዲግና ጥቅልሉን ከካፖርቷ ውስጥ አውጥታ ሰጠችው።

ሽማግሌው ፈታው። ሥዕሉን አየ። ከዚያ አፉን ከፍቶ መዝፈን ጀመረ።

በሳንቲያጎ፣ ፍራንክሊን ገበያ መሀል። ወታደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በሚዞሩበት እሑድ።

«አባባ፣ ይመልሱልኝ።»

«ምን? እናቴ እኮ ይህንን እየዘፈነች ነበር ልብስ የምታጥበው! ስንት ነው ልጄ?»

«የሚሸጥ አይደለም።»

«ካልተሸጠ ለምን ሰጠሽኝ?»

ከእጁ ነጠቀችው። አጠገባቸው የዱባ ቂጣ በዘይት የምትጠብሰው ሴትዮ ቀና ብላ፣ «ዶን፣ እሷ እምቢ ካለችዎ የእኔን ቂጣ ይግዙ፤ ቢያንስ ትኩስ ነው!» ብላ ሳቀች። ሽማግሌው እያጉረመረመ ሄደ።

ዲግና ንዴቷን ዋጠች። የምስጢር ቃሉን የመረጡት ሰዎች የድሮ ግጥም ሰብሳቢ አይተው አያውቁም። በዚህ ገበያ አሮጌ የግጥም ሉህ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ሰውዬ ነው። ይህንን ጽፋላቸው ነበር። መልስ አልመጣም።

ወታደራዊውን መንግሥት በሚታገለው ድብቅ ድርጅት ውስጥ ስሟ «መርፌ» ነው። ለኮሎኔል ኡሬሆላ ግን ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ጸጥተኛዋ ሴኞሪታ ዲግና ናት። ጡረታ የወጣው ኮሎኔል የድሮ ሉሆች ይሰበስባል፤ በአንድ ወረቀት ታትመው፣ ገመድ ላይ ተሰቅለው ይሸጡ የነበሩ ግጥሞችና ዘፈኖች። ከላይ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥዕል፣ ከሥሩ ግጥሙ። እሷ ካታሎግ ትሠራለታለች።

በቅርቡ በሠራዊቱ ያሉ የቀድሞ ጓደኞቹ ለኮሎኔሉ አንድ አታሚ የማደን ሥራ ሰጡት። ወታደራዊውን መንግሥት የሚሳደብ የግጥም ሉህ በየጠዋቱ በሳንቲያጎ ግድግዳዎች ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ሥዕሉ በጥይት የተመታ ሰው ነው፤ የታተመበት እንጨት ከትከሻው እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ያው ስንጥቅ ያለበት አሮጌ ሉህ በኮሎኔሉ ሳጥኖች ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ዲግና ቀድማው አገኘችው፤ ደበቀችው። ግርጌው ላይ የገጣሚው ስምና የቤቱ አድራሻ አለ። የዚያን ጊዜ ገጣሚዎች ገዢ ቤታቸው ድረስ እንዲመጣ አድራሻቸውን ያትሙ ነበር። የልጅ ልጁ ዛሬም እዚያው ቤት ማተሚያ አለው።

ኮሎኔሉ ሉሁን ካገኘ፣ አታሚው ይሞታል።

«ላቃጥለው» ብላ ለድርጅቱ ጻፈች። «አምጪው» የሚል መልስ መጣ። «አታሚውን እኔ ላስጠንቅቀው» ብላ ጻፈች። «አምጪው» የሚል መልስ መጣ።

አመጣችው።

«ደረቱን የተመታው ሰውዬ ያለበት አለሽ?»

ሽማግሌው ከሄደ በኋላ ከጀርባዋ የመጣ ሌላ ሰው ነው፤ ድምፁን አወቀችው። ዓመት ሙሉ መልእክቶቿን ሲያመላልስ የኖረው ሰው ነው። የሽፋን ስሙ «ድልድይ»።

«ዘገየህ» አለችው።

«አውቶቡስ ነዋ። በይ ስጪኝ።»

ተቀብሎ ፈታው። ሥዕሉን አላየም። ዓይኑ ቀጥታ ወደ ታች ወረደ።

«ሥዕሉን አታየውም?»

«ሥዕል ይዋሻል» አለ በግዴለሽነት። «ሉህ ከግርጌው ነው የሚነበበው።»

ዲግና ቀና ብላ አየችው።

ይህ አባባል የኮሎኔሉ ነው። በየጠዋቱ ሻዩን እያማሰለ ይለዋል፤ አታሚዎች ሥዕል ይዋዋሳሉ፣ አድራሻ ግን አይዋዋሱም። እሷ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ድልድይ ከኮሎኔሉ ጋር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ያውቃል።

ደብዳቤዎቿ ከእሱ እጅ አልፈው አያውቁም። «አምጪው» ያላትም እሱ ነው። ሉሁን የት እንደደበቀችው ስላላወቁ፣ ራሷ እንድታወጣው ጠበቁ።

«ቤቱ ዛሬም በዚሁ ቁጥር ነው?» አላት።

ከተማው የቤት ቁጥሮችን የቀየረው ሉሁ ከታተመ በኋላ ነው። ኮሎኔሉ ቢጠየቅ ይህን ያውቃል፤ እሑድ ግን እርሻው ላይ ነው፣ ስልክ የለውም። ድልድይ የተማረው ግርጌ ማንበብን ብቻ ነው። የድሮው ቁጥር ዛሬ የአንድ ዳቦ ቤት ነው። ዲግና ቦታውን ልታይ ሄዳ ዳቦ ገዝታበታለች። ባለቤቷ ሴኞራ ኦቲሊያ፣ ጉንጯ ላይ ዱቄት ነበር፤ አንድ ዳቦ መርቃላታለች።

ድልድይ ይጠብቃል።

«በዚሁ ነው» አለች።

«ጎበዝ። ነገ እንደወትሮሽ ሥራ ግቢ።»

ስትራመድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ከኋላዋ ተነሣ።

በገበያው የሥጋ መሸጫ አዳራሽ አንዱ በር ገባች። በተሰቀሉት ጎድኖች መካከል ካፖርቷን ገልብጣ ለበሰች፤ ፀጉሯን በሻርፕ ሸፈነች። ዘንቢል ከያዙ ሴቶች ጋር ተደባልቃ በሌላው በር ወጣች። አውቶቡስ ላይ ዘለለች።

ግራጫው ኮት አልተከተላትም።

አታሚው ማስትሮ ኤቫሪስቶ በሩን በግማሽ ከፈተ። «ዛሬ እሑድ ነው ልጄ። የሰርግ ካርድ ከሆነ ነገ ነይ፤ ሙሽራውም እስከዚያ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል።»

«ደረቱ የተሰነጠቀው ሰውዬ የት ነው?»

ፈገግታው ጠፋ።

«የድሮውን ቁጥር አግኝተዋል» አለችው። «ወደ ዳቦ ቤቱ እየሄዱ ነው። ነገ ስህተታቸውን ያውቃሉ። አሁኑኑ ይውጡ።»

«ወደ ኦቲሊያ? ሮጬ ልንገራታ!»

ከመንገዱ ታች የመኪና ጎማ ሲጢጥ አለ። በር ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ የሴት ጩኸት።

«ማን ነው እዚያ የላካቸው?» አለ ኤቫሪስቶ።

«እኔ።»

ፊቱን ከእሷ አዞረ። ከመደርደሪያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት አወጣ። ዲግና ሥዕሉን ወረቀት ላይ እንጂ እንጨቱን አይታ አታውቅም። ወረቀቱ ላይ ወደ ግራ የሚያየው ሰውዬ እዚህ ወደ ቀኝ ያያል። ስንጥቁን በጣቷ ነካችው።

«አያቴ ነው የቀረጸው» አለ። «ይዤው ልሂድ።»

«ይዘውት ከተገኙ ያበቃልዎታል።»

«እንግዲያው አንቺው ምድጃው ውስጥ ክተቺው። ዳቦ ቤቱን እንደሰጠሻቸው።»

ምድጃውን ከፍታ ከተተችው። አሮጌ እንጨት ነው፤ ቶሎ ተያያዘ።

ኤቫሪስቶ በጓሮ በኩል ወጣ፤ ተራራውን ተሻግሮ አርጀንቲና ገባ። ሴኞራ ኦቲሊያን ከዚያ ቀን በኋላ ያያት የለም። ዲግና የጻፈቻቸው የካታሎግ ካርዶች ሳይጨረሱ ከኮሎኔሉ ጠረጴዛ ላይ ቀሩ። እሷ በሌላ ስም ወደ ወደብ ከተማው ታልካዋኖ ወርዳ በዓሣ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ሳርዲን በቆርቆሮ ትደረድር ጀመር።